የአናጺው ጣት

መስከረም 22

ይድረስ ለልጄ ለመርፌ፤

ከራስ ፀጉርሽ እስከ እግር ጥፍርሽ ደህና ነሽ ወይ? እኔና እትዬሽ ደህና ነን። የልብስ ስፌት ሱቁም በሩ ይከፈታል፣ ይዘጋል። መኪናዬ አርጅታ እንደ እኔ ታጉረመርማለች እንጂ ክር አልበጠሰችም። ፈጣሪ በሰው አገር ወጥተሽ ስትገቢ ከፊትም ከኋላም ይጠብቅልኝ። እናትሽ ብትኖር ይህን ምርቃት እሷ አሳምራ ትጽፍልሽ ነበር። እኔ ወንድሟ የወረስኩት ነገር ማስረዘሟን ብቻ ስለሆነ ቻይኝ።

ዛሬ የምጽፍልሽ ለራሴ ጉዳይ አይደለም። ከሱቄ ፊት ለፊት ያለውን አናጺ መቼም አትረሺውም። በልጅነትሽ እሱ ዘንድ እየዋልሽ የመጋዝ ብናኝ ከጆሮሽ ውስጥ ስናወጣ እናመሽ ነበር። ሰውዬው ጣቱ ላይ እብጠት ወጥቶበታል። ስንት ዓመት መዶሻ የወረደበት ጣት ነው፤ አንድ ቀን «ወይኔ» ሲል አልሰማሁትም። አሁን ግን እንደ ሕፃን ሆኗል።

ሆስፒታል ሄዶ ከአጥንቱ ላይ ቅንጣት ቆርጠው መረመሩለት። ሐኪሙ «ከልም አጥንት የተነሣ ዕጢ ነው፤ ክፉ ይመስለኛል፤ ሳይውል ሳያድር ተከፍቶ መውጣት አለበት» አለው። አናጺው መቆረጥ ፈራ። «ሌላ ሐኪም ይይልኝ» ብሎ ቢጠይቅ፣ በሰም ውስጥ የተቀበረችውን ቅንጣት በእጁ ሰጡት። እኔ ደግሞ አንቺ አጥንት ላይ እንደምትሠሪ ትዝ አለኝ። ምን እንደምትሠሪ በደንብ ነግረሽኝ ባታውቂም።

ቅንጣቷን የልብስ ቁልፍ በማስቀምጥበት ቆርቆሮ ውስጥ በጥጥ ጠቅልዬ ከደብዳቤው ጋር ልኬልሻለሁ። ክዳኑ ላይ «ጣት፣ አናጺ» ብዬ ጽፌበታለሁ፤ እንዳይምታታብሽ።

አንድ ነገር ልለምንሽ። አንቺ ለዘመድ ስትናገሪ ታለሰልሻለሽ። እናትሽ የታመመች ጊዜ ከዚያ ሆነሽ ውጤቷን አስመርምረሽ የጻፍሽልኝ ደብዳቤ እስካሁን ከመሳቢያዬ አለ። «ይሻላታል» የሚል ቃል አራት ቦታ ተጽፎበታል። እሷ ያረፈችው ደብዳቤው በደረሰ በዘጠነኛው ቀን ነው። አልቀየምኩሽም። ግን አናጺው ዘመድሽ አይደለምና፣ ለማታውቂው ሰው እንደሚነገር አድርገሽ ቁርጡን ንገሪን።

እትዬሽ በዓይንሽ ላይ ሳመችሽ።

አጎትሽ


ጥቅምት 27

ውድ ጋሼ፤

ጤናዎን እንዴት ሰነበቱ? እትዬስ? እኔ ደህና ነኝ፤ ሳል ይዞኝ ነበር፣ ለቆኛል። ቆርቆሮዎ በሃያ ሁለት ቀኑ ደረሰ። ፖስታ ቤት የምትሠራው ሴት ነቅንቃ «ምንድነው?» ስትለኝ «የሰው ጣት ነው» ብዬ ልነግራት ነበር፤ አፌን ያዝኩ።

ምን እንደምሠራ አልነገርሽኝም ብለው ወቅሰውኛል፤ እውነትዎን ነው። የምሠራበት ክፍል ሁለት መስኮት አለው፤ ሁለቱም ፊት ለፊታቸው ግንብ ነው። ጠረጴዛዬ ላይ ስለት ያለው ማሽን አለ። በሰም የተቀበረውን ቅንጣት በእሱ እየላግሁ (የአናጺው ሙያ መሆኑ ነው) ከክር እጅግ የቀጠነውን ልጥ መስታወት ላይ አነጥፋለሁ። ከዚያ ቀለም ነው።

ቀለሙ የሚፈልገው ተቀባዮችን ነው። ሰውነታችን የተሠራባቸው ህዋሶች ቆዳቸው ባዶ አይደለም። ላዩ ላይ ተቀባይ የምንላቸው አሉ፤ ከውጭ የሚመጣውን ወሬ ተቀብለው ወደ ውስጥ ያስገባሉ። «እደግ»፣ «ቁም»፣ «ጎረቤትህን ያዝ»፣ «ልቀቅ» የሚል ወሬ። ልም አጥንት ማለት ጆሮዎን ሲያጥፉት እሺ የሚልዎት፣ ጉልበትዎ ውስጥም አጥንት ከአጥንት እንዳይፋጭ የተነጠፈው ነው። ጤናማ ሲሆን ዝምተኛ ጎረቤት ነው፤ ብዙ ወሬ አይሰማም። ዕጢ ሲሆን ግን ብዙ ጊዜ ተቀባዮቹ ይበዛሉ። የኛ ጥናት የትኛው ተቀባይ በጤናማው ላይ፣ የትኛው በዕጢው ላይ እንዳለ ለይቶ መጻፍ ነው። ተቀባዩ ካለ መስታወቱ ቡናማ ይሆናል፤ ከሌለ ሰማያዊ ሆኖ ይቀራል።

ከታመመው ጎን ሁልጊዜ ጤናማ ልም አጥንት አብሮ ይቀለማል። አለዚያ ቀለሙ እየዋሸን እንደሆነ አናውቅም። ጤናማው ከየት ይመጣል? ጤነኛ ሰው ጉልበቱን አይሰጠንም። የሚሰጠን ጭኑ ላይ ዕጢ ወጥቶ እግሩ የተቆረጠ ሰው ነው፤ ጉልበቱ ምንም ሳይሆን አብሮ ይሄዳል። እኛም መስታወቱ ላይ «ጤናማ» ብለን እንጽፋለን። መጀመሪያ ሰሞን ያችን ቃል ስጽፍ ብዕሬ ይቆምብኝ ነበር። አሁን ለምጄዋለሁ፤ መልመዴ ደግሞ ራሱን ችሎ ያስፈራኛል።

ወደ አናጺው ልመለስ። ቅንጣቱን ቀልሜ ለአለቃዬ አሳየኋት። ፀጉሯን በእርሳስ የምትቋጥር፣ ቀልድ የማይገባት ዶክተር ናት። ዓይኗን ከማይክሮስኮፑ ሳታነሣ «ከየት አጥንት ነው?» አለች። «ከጣት» አልኳት። ረጅም ጊዜ አየችው። «ከጣት ከሆነ ይህ የህዋሶች መጨናነቅ አያሳስብም። የጣት ዕጢ ሲያዩት ያስፈራል እንጂ አይናከስም» አለች። ተቀባዮቹ በዝተዋል፤ ግን በማይናከሰውም ላይ ይበዛሉ። ራጁን ማየት ትፈልጋለች፤ ሲመቻችሁ ላኩልኝ።

ስለዚህ አናጺው ትንፋሹን ይመልስ። ለማላውቀው ሰው እንደሚነገር ነው የነገርኩዎት፤ አንድም ቦታ አላለሰለስኩም።

መርፌ


ኅዳር 21

ይድረስ ለዓይኔ ብርሃን ለመርፌ፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ሳሉ ለቀቀሽ ወይስ «ለቀቀኝ» ያልሽው ለኔ ነው? ደብዳቤሽ በደረሰ ሰዓት ሱቁ ውስጥ ሦስት ደንበኛ ነበር፤ ሦስቱንም «ነገ ኑ» ብዬ አባረርኳቸው። አናጺውን ጠርቼ አነበብኩለት። ሰውዬው ምን እንደሆነ ብነግርሽ አታምኚኝም። ቁጭ አለና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ከዚያ ተነሥቶ ለሥራው ያዘጋጀውን ሳንቃ ሳመው። እትዬሽ «ምን ነክቶት ነው?» ብትለኝ «ጣቱ ተረፈ» አልኳት።

ሐኪሙ ዘንድ የነበረውን ቀጠሮ ሰረዘ። ጥርሱን ነክሶ ለመቆረጥ ተዘጋጅቶ ነበር እኮ! «ዝም ብሎ ስለት የሚወድ ሐኪም ነው» ተባባልን።

ራጁ ጠፍቷል። አናጺው ከጣሪያ የሚያፈስ ቤት ውስጥ አስቀምጦት ውሃ ገባበት። አለቃሽን ይቅርታ ጠይቂልን። መቼም አናጺው ፈሪ ነውና «ራጁ ሳይታይ በቃ ይባላል ወይ?» ሲለኝ እንዲህ አልኩት፤ ከአንድ ጥቅል የተቆረጠ ጨርቅ እጅጌ ሆነ እግር ሆነ ያው ጨርቅ ነው። መርፌ ጨርቁን አይታዋለች፤ ልብሱን ማየት አያስፈልጋትም። በዚህ ጸጥ አለ።

ደግሞ ጥያቄ አያልቅበትም። «አንዳንዴ ስቆም ይጠዘጥዘኛል፤ ይህስ ምንም አይደለም?» ይላል። ጣት በመቆም ይጠዘጥዛል እንዴ ብዬ ሳቅሁበት። ለማንኛውም ካወቅሽ ጻፊልኝ፤ ለጠቅላላ ዕውቀት።

የዘንድሮ የሥራ ጋውንሽን በሌላ ጥቅል ልኬዋለሁ። ኪሱን እንደ ወደድሽው ጥልቅ አድርጌዋለሁ። እኔ ደግሞ ከዚያ አንዲት ነገር አስልኪልኝ። ለወንበር እግር የሚሆን ጎማ፣ ከሥር የሚሰካው፣ ሽማግሌዎች ከዘራ ላይ የሚያደርጉት ዓይነት። ውስጡ እንደ አውራ ጣቴ ይሁን። አንድ ይበቃኛል።

እድሜሽ ይርዘም፤ የእጅሽ ሥራ ይባረክ። ሰው አዳነሽ።

አጎትሽ


ታኅሣሥ 14

ጋሼ፤

ሰላምታውን በኋላ እጽፋለሁ።

ጋውኑ ትላንት ደረሰ። ሥራ ቦታ ለብሼው ቀና ስል አለቃዬ «ጠርዙ ተጣሟል» አለችኝ። የእርስዎ ስፌት ተጣመመ ሲባል በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። አወለቅሁትና ከማጉያው ሥር አደረግሁት። አራት ስፌት ቀጥ ብሎ ይሄድና አምስተኛው ይረዝማል፤ ከዚያ ሦስት አራቱ ይጨናነቃሉ፤ መርፌዋ ቆማ እንደገና ትነሣለች። ከላይ እስከ ታች እንደዚያ ነው።

ይህን ስፌት አውቀዋለሁ። ሰባት ዓመቴ ነበር። ቀኝ እግርዎ ሚስማር ወግቶት በግራ እግርዎ መኪናዋን ሲረግጡ ሰነበቱ። የሙሽራዋ ቀሚስ ተጣሞ እትዬ ሙሉ ቀን ሲፈቱት ዋሉ። እኔ ከጠረጴዛው ሥር ተቀምጬ እግርዎን ነበር የማየው። ግራ እግርዎ መርገጡን አያውቅበትም፤ ይጀምርና ይረሳዋል።

አናጺው ጣቱን ታሞ የእርስዎ ቀኝ እግር ለምን ሥራ አቆመ?

ደብዳቤዎን አውጥቼ ደግሜ አነበብኩት። ወንበር አራት እግር አለው ጋሼ። አንድ ጎማ ምን ያደርግለታል? ጣትስ ሲቆሙ ይጠዘጥዛል? ይህን ሁሉ ደብዳቤዎ በደረሰኝ ጊዜ አንብቤ ስቄ አልፌዋለሁ። ስቄ!

አሁን የምነግርዎትን ቁጭ ብለው ያንብቡልኝ። አለቃዬ ያን ዕለት ያለችኝን በሙሉ አልጻፍኩልዎትም። «ከጣት ከሆነ አይናከስም» ካለች በኋላ ዓይኗን አንሥታ እንዲህ አለች፤ «ከጭን ወይም ከዳሌ ቢሆን ኖሮ ግን ይህንኑ መስታወት አይቼ ክፉ ነው፣ ቶሎ ይውጣ እል ነበር። ለዚህ ነው ራጁን የምፈልገው።» እኔ አስቀረሁት። ስለ ጣቱ የጠየቀን ምስኪን ሰው በጭን ማስፈራራት ምን ይሠራል ብዬ ነው። «ራጁን የግድ» ማለት ሲገባኝ «ሲመቻችሁ» ብዬ ጻፍኩ። አላለሰለስኩም ያልኩዎት እያለሰለስኩ ነበር።

ጨርቅ ያው ጨርቅ አይደለም። ልም አጥንት እንደዚያ አይሠራም። ከጣት የወጣና ከጭን የወጣ ዕጢ መስታወት ላይ ጎን ለጎን ቢቀመጡ ዓይንም ላይለያቸው ይችላል። ተቀባዮቹም አይለዩልንም፤ ሁለቱም ቡናማ ናቸው። አንዱ ዕድሜ ልክ ተኝቶ ይኖራል፣ ሌላው ሰው ይገድላል። የሚለየው የተቆረጠበት ቦታ ነው፤ እሱን ደግሞ የነገሩኝ እርስዎ ነዎት።

ከየትኛው አጥንት ነው? የማን ነው? ልቤ ያውቀዋል፤ ግን ከእጅዎ ላንብበው። መልስ ለመጻፍ እንኳ አይቀመጡ። ይህ በደረሰዎ ሰዓት ስለት ይወዳል ያላችሁት ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። እግርዎ ላይ ወድቄ እለምንዎታለሁ።

መርፌ


ጥር 24

ጋሼ፤

አርባ ቀን ሆነ። ፖስታ ሳጥኑን በቀን ሦስት ጊዜ እከፍታለሁ፤ ጎረቤቴ ፍቅረኛ የያዝኩ መስሏታል።

ከሱቅዎ ጎን ላለው ባለሱቅ ስልክ ደወልኩ። «የልብስ ሰፊው ሱቅ ከጥር መጀመሪያ ጀምሮ አልተከፈተም» አለኝ። የት ሄዱ ብዬ ብጠይቀው «እኔ ምን አውቃለሁ፤ በቃሬዛ ነው የወጣው» አለኝ። ከዚያ ደንግጦ ነው መሰለኝ ዘጋው። መልሼ ብደውል የሚያነሣ ጠፋ።

የጉዞ ፈቃድ ጠይቄ የመኖሪያ ወረቀቴ ገና በእድሳት ላይ ነው ተብያለሁ፤ ብወጣ መመለስ የለም። ከሰኞ ጀምሮ በየቀኑ ቢሯቸው እየሄድኩ እቀመጣለሁ።

ቀን ቀን የሌሎችን ሰዎች ጭንና ዳሌ እየላግሁ መስታወት ላይ አነጥፋለሁ። ቁጥር እንጂ ስም የላቸውም። እያንዳንዱን ሳነሣ የእርስዎ ይመስለኛል። ትላንት አንዱን ጣልኩት፤ አለቃዬ ቁጭ በይ ብላ ውሃ አመጣችልኝ። እሷ ውሃ ለሰው ስታመጣ አይቼ አላውቅምና የባሰ ፈራሁ።

እትዬ፣ ይህን የሚያነቡት እርስዎ ከሆኑ አንድ መስመር ይጻፉልኝ። አለ ወይም የለም።

መርፌ


የካቲት 10

ይድረስ ለልጄ፤

አለሁ። ይህን አስቀድሜ ልጻፍልሽና ትንፋሽሽን መልሺ።

አናጺው ሰላም ይልሻል። አሥሩም ጣቶቹ ደህና ናቸው። ለካ ስሙን ለአምስት ወር ተውሼው ኖሮ፣ ትላንት ሊጠይቀኝ ሲመጣ ነግሬው «ቢያንስ አውራ ጣቴን አላደረግከውም?» አለኝ። ሁለታችንም ስቀን ስቀን፣ እሱ ፊቱን አዙሮ ወጣ።

ጭኔ ነው መርፌ። የቀኝ ጭኔ አጥንት፣ ከዳሌ ዝቅ ብሎ። ባለፈው ክረምት ነው የጀመረኝ። ራጁም አልጠፋም፤ ከስፌት መኪናዋ ጀርባ ነበር።

ለምን ዋሹኝ ብትዪኝ፣ ያንን «ይሻላታል» የሚል ደብዳቤ እያየሁ ነው። ስለኔ ብጠይቅሽ አምስተኛውን ትጽፊልኛለሽ ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ ራሴን ባዳ አደረግሁ። ጣት ያልኩትም፣ ጭን ብል ወዲያው ትጠረጥሪኛለሽ ብዬ ነው፤ ሚስማሩ ከወጋኝ ወዲህ አልፎ አልፎ «እግርዎ እንዴት ነው» ማለት ልማድሽ ነው። ትንሹን አጥንት መረጥኩ። ትንሽ አጥንት ትንሽ ፍርሃት የሚያመጣ መስሎኝ ነበር። ቦታው ለውጥ እንዳለው በምን አውቃለሁ? ዕድሜዬን ሙሉ የያዝኩት ጨርቅ ነው።

ጥር 2 ከሱቁ ስወርድ ነው። ደረጃዎቹ ሦስት ናቸው፣ ታውቂያቸዋለሽ። ሁለተኛው ላይ አጥንቱ ቀጭ አለ። አናጺው ከማዶ ሰምቶ የሱ ሳንቃ የተሰበረ መስሎት ወደ ኋላው ዞረ። የታኅሣሡ ደብዳቤሽ ሆስፒታል ተኝቼ ደረሰኝ፤ እትዬሽ ናት ያነበበችልኝ። «ጭን» የሚለው ላይ ስትደርስ ወረቀቱን አውርዳ እግሬን አየች። እሷም አታውቅም ነበር፤ ቁርጥማት ነው ብያት ነበር። ሁለት ቀን አላናገረችኝም። በሦስተኛው መጥታ እግሬን፣ የታመመውን፣ አቅፋ አለቀሰች።

ለሐኪሙ ደብዳቤሽን አስነበብኩት። እውነት ነው አለ። «በመስከረም ቢመጡ ኖሮ ክፉውን አጥንት አውጥቼ ብረት አስገብቼ እልክዎት ነበር። አሁን ሲሰበር ነገሩ ወደ ሥጋው ተበትኗል። እግሩ ከላይ መሄድ አለበት።» ቁጣ አልነበረበትም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ቀኑ የፊታችን ማክሰኞ ነው። ከዚያ በኋላም ወደ ሳንባ ሄዶ እንደሆነ በየጊዜው ደረቴን ያዩታል።

ይህን የምነግርሽ እንድትጸጸቺ አይደለም። ያስቀረሽውን አስቀርተሻል፤ ያስቀረሁትን አስቀርቻለሁ። የኔ ይበልጣል፤ ትልቅም እኔ ነኝ።

ፈርቻለሁ። ለእትዬሽ እቀልዳለሁ፣ ለነርሶቹ እቀልዳለሁ፤ ላንቺ ግን መዋሸት ከዚህ በኋላ ሐራም ይሁንብኝ። ውሃ ሆኛለሁ። ስለቱን ነው የፈራሁት። ዕድሜዬን ሙሉ መቀስ ይዤ ስቆርጥ የኖርኩ ሰው ነኝ እኮ!

ትላንት እትዬሽን ሱሪዎቼን አምጪ አልኳት። አራት ናቸው። አልጋው ላይ ተደግፌ የቀኙን እግር ከላይ ቆረጥሁት፤ ጠርዙን ወደ ውስጥ አጥፌ በእጄ ሰፋሁት። ሌላ ሰው በመርፌ ቁልፍ እያያዘ ሲያንጠለጥለው ማየት አልፈልግም። ስፌቱ ቀጥ ብሏል፤ ብታዪው ታምኚኛለሽ። ሦስቱን ጨረስኩ። አራተኛውን ሳልነካው አስቀመጥኩት። ምናልባት ሐኪሙ ሐሳቡን ቢለውጥ ብዬ ነው። እንደማይለውጥ አውቃለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ጉልበቴ ምንም አልሆነም ይላል ሐኪሙ። «ጤነኛ ሰው ጉልበቱን አይሰጠንም» ብለሽ የጻፍሽው ትዝ አለኝ። «ይህን ጉልበት ለልጄ ላክልኝ» አልኩት። ሊስቅ ጀመረና ተወው። ወረቀት አምጥቶ አስፈረመኝ፤ እዚሁ በሰም አድርገው ይሰጡኛል፣ አናጺው ፖስታ ቤት ያደርሰዋል።

በእጄ የምጽፈውን ያህል ጻፍኩ። ማክሰኞን አስቢኝ።

አጎትሽ


ሚያዝያ 2

ለውድ ጋሼ፤

እንደምን ሆነው ሰነበቱ? ቁስሉ ደረቀ ወይ? እትዬ በላኩልኝ ወረቀት «ከአልጋ ወርዶ ነርሶቹን ስለ ዩኒፎርማቸው ስፌት ይሳደባል» ይላሉ። ይህን ሳነብ ከወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ እህል ጣመኝ።

ቆርቆሮው ዛሬ ጠዋት ደረሰ። ያው የቁልፍ ቆርቆሮ ነው። «ጣት፣ አናጺ» የሚለው ተሰርዞ፣ ከሥሩ በእርስዎ እጅ «ጉልበት፣ ቀኝ፣ የራሴ» ተብሎ ተጽፏል። ፖስታ ቤቷ ሴት ፊት ቆሜ አነበብኩት። «ምንድነው?» አለች፤ ነገርኳት። ወረፋውን ትታ ወጥታ እጄን ያዘችኝ።

ያንን የተጣመመ ጋውን ለብሼ ቀለምኩት። ሌላ ሰው እንዲሠራው አለቃዬ ጠይቃኝ ነበር፤ እምቢ አልኩ። መላጉ ላይ ሁለት ጊዜ ቆምኩ፤ ሦስተኛው ላይ ወጣ። መስታወቱ ከሞላ ጎደል ሰማያዊ ነው ጋሼ። ተቀባዮቹ እዚህም እዚያም አንድ ሁለት ብለው በየቦታቸው አሉ፤ የበዛ የለም፣ የተጨናነቀ የለም። ዕድሜዎን ሙሉ ያን መርገጫ ሲረግጡ ኖረው አልተነካም። እንዲህ ያለ ጸጥ ያለ ልም አጥንት አይቼ አላውቅም።

አለቃዬ መጥታ ዓይኗን ማይክሮስኮፑ ላይ አደረገች። እንደ ልማዷ «ከየት ነው?» አለች። «ከአጎቴ ቀኝ ጉልበት» አልኳት። እርሳሱን ከፀጉሯ መዝዛ መዝገቡ ላይ እንደነገርኳት ጻፈች። ከዚህ በኋላ ከማንም የታመመ ቅንጣት ጋር አብሮ የሚቀለመው የእርስዎ ነው። «ጤናማ» የሚለውን ስጽፍ ብዕሬ እንደ መጀመሪያው ሰሞን ቆመብኝ፤ መልሼ ጻፍኩት።

ወረቀቴ ታድሶልኛል፤ በሐምሌ እመጣለሁ። ጎማዎቹን ልኬያለሁ፤ ሁለት ናቸው፣ ክራንቹ ሁለት ስለሆነ።

የደረትዎን ራጅ በግንቦት ያነሡታል ብለውኛል። ምን እንደሚል አላውቅም፤ እስከዚያ ድረስ ስፈራ እሰነብታለሁ፤ እርስዎም እንደሚፈሩ አውቃለሁ። ውጤቱ ክፉ ቢሆን ክፉ ነው ብዬ እጽፍልዎታለሁ፤ «ይሻላል» የሚል ቃል ከእጄ አይወጣም። እርስዎ ግን ራጁ በተነሣ ዕለት፣ የማንም ጣት ሳያደርጉት ይላኩልኝ።

ልጅዎ መርፌ